ይቺ ሐምራዊ ማገጥ የትኛዋ ናት? (ከደብረ ብርሃን አካባቢ)

የጣርማበር ልጅ | መስከረም 19፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ለመስቀል ወላጆቼ ጋ ሰንብቼ ዛሬ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። ቤታችን ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም፤ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከቤቱ በታች ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበት መስክ አለ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ሐምሌ ላይ ከገባችሁበት ጫማችሁን ይዞ ያስቀረዋል።

ዘንድሮ ያ መስክ ሐምራዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ዳር ዳሩን አደይ አበባ፣ መሃሉን ደግሞ ይቺ ከታች ፎቶዋን ያያያዝኩላችሁ ተክል። ሦስት ሦስት ቅጠል ናት። አበባዋ ትንንሽ ሆኖ አንድ ላይ ተሰብስቦ ክብ ይሠራል። አንዱ ክብ የሽምብራ ፍሬ ቢበልጥ ነው። ቁመቷ ስንዝር አይሞላም። አባቴን ስጠይቀው «ማገጥ ናት፣ ሌላ ምን ትሆናለች?» አለኝ። ግን ከላይ እርሻው ዳር ያለችውን፣ ረዘም ብላ ቅጠሏ ሰፋ ያለውንም «ማገጥ» ነው የሚላት። ሁለቱ ለእኔ አንድ አይመስሉኝም።

የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች የሚነግረኝ አለ? ጉጉት ብቻ አይደለም። አባቴ መስኩን ሊያሳርሰው እያሰበ ነው። እኔ ደግሞ ከመታረሱ በፊት ምን እንዳለን ማወቅ እፈልጋለሁ።

---

አረንጓዴ ግቢ | መስከረም 19፣ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ፣ ቅጠሉ መሃል ላይ ነጣ ያለች ምልክት ትታየኛለች። ስለዚህ በሳይንሳዊ ስሟ ትሪፎሊየም ሴሚፒሎሰም የምትባለዋ ማገጥ ናት። ደጋ ላይ በጣም የታወቀች ናት። አውስትራሊያ ድረስ ተወስዳ የኬንያ ነጭ ክሎቨር (ክሎቨር የማገጥ የእንግሊዝኛ ስም ነው) ተብላ ለግጦሽ ትዘራለች። እኔ ጋም ግቢ ውስጥ አለች፣ ሣሩ መሃል ትሳባለች።

---

ባለማጉሊያ | መስከረም 19፣ ከምሽቱ 4፡02

አረንጓዴ ግቢ፣ በቅጠል ላይ ባለ ነጭ ምልክት ብቻ አትፍረድ። እሱ ምልክት ብዙ ማገጦች ላይ ይመጣል። በአንዱ ዝርያ ውስጥ እንኳ አንዱ ተክል ይኖረዋል፣ ጎረቤቱ አይኖረውም። ሴሚፒሎሰም አበባዋ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘላቂ ናት፣ ከዓመት ዓመት ትኖራለች። መሬት ላይ እየተሳበች አንጓዋ በነካበት ሥር ትሰዳለች። የእህታችን ፎቶ ላይ ያለችው ቀጥ ብላ የቆመች ናት።

የጣርማበር ልጅ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 28 የሚጠጉ የማገጥ ዝርያዎች አሉ። ከሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙም አሉባቸው። አባትሽ አልተሳሳቱም። ማገጥ የሁሉም ስም ነው። ልክ «ባቄላና አተር» ሳንል «ጥራጥሬ» እንደምንለው። የትኛው ማገጥ እንደሆነ ለማወቅ ግን የአበባ ፎቶ አይበቃም። ሁሉም ከላይ ሲታዩ እኅትማማች ናቸው። እነዚህን ላኪልኝ፦

አንደኛ፣ አንዷን ከነሥሯ ንቀዪና ሥሩን አሳዪኝ። በእጅ አትጎትቺ፣ መረሬ ላይ ይበጠሳል። በመኮትኮቻ ከዳር አንሺው። ሁለተኛ፣ ከአበባው ክብ ላይ አንዲቷን ብቻ ነጥለሽ፣ ከሥር የያዘቻትን አረንጓዴ ጽዋ በቅርብ አንሺልኝ። ሦስተኛ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ። እዚያ ጋ ግንዱን የምታቅፍ ስስ ገለፈት አለች። አራተኛ፣ ደርቆ ፍሬ የያዘ ክብ ካለ እሱንም።

---

ከቨርጂኒያ | መስከረም 20፣ ከጠዋቱ 1፡30

እዚህ እኔ ሰፈር ሣር ላይ ያለው ነጩ ክሎቨር ጋር አንድ ነው ብዬ ነበር እኮ ሁልጊዜ የማስበው። አገር ቤት ስመጣ «ይኸው ክሎቨር» እላለሁ፣ ልጆቼንም እንደዚያ ነው ያስተማርኳቸው። ዘመዱ ነው ወይስ ራሱ ነው?

---

ባለማጉሊያ | መስከረም 20፣ ከጠዋቱ 3፡10

ዘመዱ ነው ወንድሜ። አንተ ጋ ያለው ትሪፎሊየም ሬፐንስ ይባላል። ለአሜሪካም እንግዳ ነው፣ ከአውሮፓ ሰዎች ይዘውት የሄዱት። አንዱን ግንድ ቀስ ብለህ ከሣሩ አንሳው። በየአንጓው ሥር ሰድዶ መሬቱን እንደ ስፌት ወጋ ወጋ አድርጎት ታገኘዋለህ። ክረምትህ ሲመጣ ከላይ ቢጠወልግም ያ ግንድ ይተርፋል። የደብረ ብርሃኗ ግን ባለ አንድ ዓመት ከሆነች ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሙሉ በሙሉ ትሞታለች። የምታቆየው ዘሯን ብቻ ነው። ልጆችህን ሁለቱንም አሳያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

---

አባ ድርቆሽ | መስከረም 20፣ ከቀኑ 8፡25

ልጄ፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ከመንዝ ነኝ፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ማገጥን ግን ከብት እየጠበቅሁ ነው ያደግሁት።

እኛ ጋ የጨፌ ማገጥና የእርሻ ማገጥ ብለን እንለያለን። የጨፌው አጭር ነው፣ ቅጠሉ ቀጠን ይላል፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ አይበሰብስም። የእርሻው ጦም ባደረ መሬትና በገብስ ዳር ይወጣል፣ ይንዠረገጋል። ጦም አዳሪ መሬት ላይ ማገጥ የበዛበት ዓመት፣ በቀጣዩ ዓመት ገብሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚወጣ። ይህን አባቶቻችንም ያውቁት ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለአባትሽም ንገሪልኝ። ማገጥ በጤዛው ከብት አይገባበትም። በደርግ ጊዜ፣ መስከረም ውስጥ ነው፣ አንዲት ጊደር ነበረችኝ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። በማለዳ፣ ሳትበላ አድራ፣ ልጅ ሆኜ ሳይሆን ትልቅ ሰው ሆኜ ነው ወደ ማገጡ የለቀቅኋት። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፋ። ዘይት ፍለጋ ጎረቤት ሮጬ ደርሼ ስመለስ ወድቃለች። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ጭድ ወይም ገለባ አበላለሁ፣ ፀሐይ ጤዛውን ከወሰደው በኋላ ነው የምለቅ። እንደዚያ ከሆነ ማገጥን የመሰለ መኖ የለም። ወተቱን ራሱ ታዪዋለሽ።

---

ሲዲሳ | መስከረም 20፣ ከቀኑ 10፡05

አባቴ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ሱሉልታ ማገጥን «ሲዲሳ» ነው የምንለው፣ ስሜን ያወጣሁትም ከእሱ ነው። እኛም ጋ መነፋቱን ሁሉም ያውቃል። ሰው ሁሉ ተክሉን ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የሰዓቱና የባዶ ሆዱ ነው። እርጥብ ማገጥ በባዶ ሆድ ሲገባ ሆድ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ጋዙ አረፋው ውስጥ ስለሚታፈን ከብቷ ልታገሳው አትችልም። ዘይቱ የሚጠቅመው አረፋውን ስለሚሰብረው ነው።

---

የጣርማበር ልጅ | መስከረም 24፣ ከምሽቱ 1፡50

ይቅርታ ዘገየሁ። ታናሽ ወንድሜ አሥር ተክል ከነአፈሩ ነቅሎ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ በሚኒባስ ላከልኝ። ትናንት ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እስከ ስድስት ሰዓት አፈጠጥኩበት። የጓደኛዬን የሰዓት ሠሪ አባት ማጉሊያ ተውሼ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አፈሩን በሳህን ውሃ ቀስ እያልኩ አጠብኩት። አንድ ቀጭን ዋና ሥር ብቻ ነው ያላት። ከጎን ሥር የሰደደ ግንድ የለም፣ ያረጀ ወይም እንጨት የሆነ ነገርም አላገኘሁም። ሥሮቹ ላይ ግን የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ጉጦች ተደርድረዋል። በሽታ መሰለኝ። አንዱን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ነው፣ ደም የነካው ዓይነት። ደነገጥኩ።

ቅጠሎቹ ቀጠን ያሉ ናቸው፣ ዳራቸው በማጉሊያ ሲታይ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቦርቡሯል። ሦስቱም ከአንድ ነጥብ ነው የሚነሱት። ገለፈቷ ስስ ናት፣ መስመር መስመር አላት። የአበባዋን ጽዋ በመርፌ ነጥዬ መስመሮቹን ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ አንዴ 11፣ ሁለቴ 12 ሆነልኝ። የጽዋዋ ጥርሶች አምስት ናቸው፣ ሹል። የደረቀው ክብ ላይ የአበባው ቅጠል አልረገፈም፣ ቡናማ ሆኖ ፍሬዋን እንደ ነጠላ ሸፍኗታል። ፍሬዋ ውስጥ ዘሮች አሉ፣ ከጤፍ ትንሽ ተለቅ ይላሉ።

ፎቶዎቹን በሙሉ ጭኛለሁ። ሥሩ ላይ ያሉት ጉጦች ምንድን ናቸው?

---

ባለማጉሊያ | መስከረም 24፣ ከምሽቱ 3፡30

የኔ እህት፣ ይህን ያህል አጥርቶ ያየ ሰው በዚህ መድረክ ላይ ብዙ አላጋጠመኝም።

ከጉጦቹ ልጀምር፣ ምክንያቱም አባትሽ ማወቅ ያለባቸው እሱን ነው። በሽታ አይደሉም። ውስጣቸው ባክቴሪያ ይኖራል። ያ ባክቴሪያ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሏ ምግብ ያደርግላታል፣ እሷም ስኳር ትሰጠዋለች። ሮዝ መሆኑ ሥራ ላይ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ሥራ ያልጀመረ ጉጥ ሲሰነጠቅ ነጭ ነው፣ ያረጀው ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይሄዳል። አባ ድርቆሽ «ገብሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል» ያሉት እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ማገጥ ሲሞትና ሥሩ ሲበሰብስ ያ ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ስሟ። ማገጥ መሆኗን ለማረጋገጥ ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል። ሦስቱ ቅጠሎች ከአንድ ነጥብ መነሳታቸው አንዱ ነው። አብሽን ወይም አልፋልፋን አስቢ፣ የመሃለኛዋ ቅጠል የራሷ ትንሽ አገዳ አላት፣ ከሁለቱ ከፍ ብላ ትወጣለች። ያንቺዋ ግን እንደዚያ አይደለችም። ሁለተኛው የአበባው ቅጠል ሳይረግፍ ፍሬውን ሸፍኖ መድረቁ ነው። በግ ጸጉር ላይ የሚጣበቀው እሾሃማ ጥምዝምዝ ፍሬ ያለው ቢጫ አበባ ተክልም ሦስት ቅጠል ነው፣ ሰው ከማገጥ ጋር ያምታታዋል። እሱ ግን ፍሬውን ሳይሸፍን አውጥቶ ነው የሚያሳየው።

ሥሯ ደግሞ ባለ አንድ ዓመት መሆኗን ነገረን። በዚህ ሴሚፒሎሰም ወደቀች። ሌሎቹ የደጋ ዘላቂ ማገጦችም ወደቁ።

ከባለ አንድ ዓመቶቹ መሃል የጽዋው መስመር ቁጥር ብዙዎቹን ይለያል። አንዳንዶቹ ወደ 20 የሚደርስ መስመር አላቸው። እንዲያውም አንዷ ከመስመሯ ብዛት የተነሳ ሙልቲነርቬ፣ «ባለ ብዙ መስመር» ተብላለች። ያንቺ 11 ወይም 12 ናት፣ ስለዚህ መስመራቸው የበዛውን፣ እነ ትሪፎሊየም ስቶይድነሪን እንተዋቸው። በአካባቢሽ ከሚበቅሉት የሚቀሩሽ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ትሪፎሊየም ሩፔሊያነምና ትሪፎሊየም ቴምቤንስ። ሁለቱም ሐምራዊ፣ ሁለቱም ባለ አንድ ዓመት። ሩፔሊያነም ተለቅ ትላለች፣ ቅጠሏ ሰፋ ይላል፣ ጦም መሬትና የእርሻ ዳር ትወዳለች። ቴምቤንስ ትንሽ ናት፣ ቅጠሏ ጠበብ ይላል፣ እግሯ ውሃ ውስጥ ቢሆን ግድ የላትም።

ፎቶዎቹን ሁሉ አይቼ የማምነው ያንቺ የመስክ ማገጥ ቴምቤንስ መሆኗን ነው። ከላይ እርሻ ዳር ያለችው ደግሞ ሩፔሊያነም ትመስለኛለች፣ ግን እሷን ገና አላሳየሽንም። አባ ድርቆሽ የጨፌና የእርሻ ብለው የለዩት፣ አሁን እኔ በማጉሊያ የለየሁት መስመር ላይ ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ተነክቷል።

---

ቀፎዬ | መስከረም 25፣ ከጠዋቱ 2፡15

ወይ ጉድ፣ ይህን ክር ዛሬ ነው ያየሁት። እኔ ንብ አናቢ ነኝ። የመስከረምና የጥቅምት ማር የምንቆርጠው በዋናነት ከአደይ አበባና ከማገጥ ነው። በማገጥ መስክ አጠገብ ቀፎ ያስቀመጠ ሰው ኅዳር ላይ ልዩነቱን በሚዛን ያየዋል።

ንቧ ማገጥ ላይ እንዴት እንደምትሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክቡን አንዴ ትይዝና ዙሪያዋን እየዞረች አንድ በአንድ ትፈትሻለች። የተፈተሸችዋ አበባ ወደ ታች ታዘነብላለች፣ ያልተፈተሸችዋ ቀና እንዳለች ትቆያለች። ክቡን ስታዩ የትኛው እንደቀረ ታውቃላችሁ። እባክሽ የጣርማበር ልጅ፣ አባትሽ ያንን መስክ ከማረሳቸው በፊት አንድ ሁለት ቀፎ አጠገቡ አስቀምጠው ይዩ።

---

አረንጓዴ ግቢ | መስከረም 25፣ ከጠዋቱ 4፡00

ባለማጉሊያ፣ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። ትናንት ወጥቼ የኔን ነቀልኩ። እውነትም በየአንጓው ሥር ሰድዳለች፣ አበባዋም ነጭ ነው። የኔዋ ሴሚፒሎሰም ናት፣ የጣርማበር ልጅ ያሳየችን ግን አይደለችም። ቅጠሏን ገልብጬ ሳየው ጸጉሩ ከታች በኩል በከፊል ብቻ ነው ያለው። «ሴሚፒሎሰም» ማለት ራሱ «ግማሽ ጸጉራም» ማለት እንደሆነ አሁን አነበብኩ። ስሙ ውስጥ መልሱ ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እነዚህ ሌሎች ስሞች ከየት መጡ? ሩፔሊያነም፣ ስቶይድነሪ፣ ቴምቤንስ?

---

ባለማጉሊያ | መስከረም 25፣ ከቀኑ 7፡20

ሩፔል ጀርመናዊ ተጓዥ ነበር፣ በ1830ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጎንደርና የሰሜን ተራሮች ድረስ ሄዶ ዕፅዋትና እንስሳት ሰብስቧል። ስብስቡ ፍራንክፈርት ደረሰ። እዚያ ፍሬዜኒዩስ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በ1839 ከነዚያ ናሙናዎች ለማገጦቻችን ስም ሰጠ። አንዷን በሩፔል ስም ጠራት። ሌላዋን በተገኘችበት ቦታ፣ በተምቤን። ቴምቤንስ ማለት «የተምቤን» ማለት ነው። ሲሜንሴ የምትባለዋ ማገጥም «የሰሜን» ናት፣ የተራሮቹ ማለት ነው፣ እሷ ግን ዘላቂ ነች።

ስቶይድነር በ1860ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ጀርመናዊ ነው፣ በ1863 በዚያው በአፍሪካ ጉዞው ላይ ሞተ። ኳርቲኒያነም የምትባለዋ ማገጥ በፈረንሳዊው ኳርቲን ዲሎን ስም ነው፣ እሱም ኢትዮጵያ ውስጥ ታሞ ሞቷል። ሺምፐሪ የተባለችው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው፣ በሺምፐር ስም ነው። ሺምፐር በ1837 መጥቶ አልተመለሰም። ዐድዋ ላይ በ1878 ነው የሞተው።

ከሁሉም ግን እኔ የምወደው ቴምቤንስን ነው። ዓለም ላይ የትም ቤተ መዘክር ውስጥ ያች ደረቅ ማገጥ ስትቀመጥ የአገራችን ቦታ ስም ተጽፎባት ነው።

---

ሲዲሳ | መስከረም 25፣ ከምሽቱ 12፡45

ለመስኩ ጉዳይ ልጨምር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካ የሚባለው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ የዛሬው ኢልሪ፣ እነዚህኑ አገር በቀል ማገጦች ሰብስቦ አዲስ አበባ ሾላ እና ደብረ ብርሃን ላይ ሞክሯቸው ነበር። ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ሌላው መኖ ሲበሰብስ የሚቆሙ መሆናቸውን አይተዋል። የጎደላቸው ፎስፈረስ እንደሆነም አይተዋል፣ ሲያገኙ በደንብ ይጨምራሉ። ዘራቸው ዛሬም አዲስ አበባ ኢልሪ የዘር ባንክ ውስጥ አለ። ስለዚህ አባትሽ «ዝም ብሎ የበቀለ» የሚሉት ነገር ሰው ለዓመታት የደከመበት መኖ ነው።

ዋናው ግን ዘር ነው። ባለ አንድ ዓመት ስለሆነች ሳታፈራ ከታጨደች ወይም ሙልጭ ብላ ከተጋጠች ለከርሞ የሚቀራት አሮጌ ዘር ብቻ ነው። ድርቆሹን ትንሽ አቆይታችሁ፣ ክቦቹ ቡናማ ሆነው መርገፍ ሲጀምሩ እጨዱ። ለመዝራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያስገባም። በአሸዋ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ካላሻችሁት ብዙው ሳይበቅል ይቀመጣል። ያ ጥንካሬ ነው በጋውን የሚያሻግረው።

---

ባለማጉሊያ | መስከረም 26፣ ከጠዋቱ 3፡05

የጣርማበር ልጅ፣ አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ናሙናዋን አድርቂያት። ጋዜጣ ላይ ከነሥሯ ዘርጊ፣ አበባዋም ፍሬዋም ይታይ፣ አንድ ሁለት ቅጠል ገልብጪ። ሌላ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ከላይ ከባድ መጽሐፍ። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ፣ አለበለዚያ ትሻግታለች። ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ አፈሩ መረሬና ውሃ የሚተኛበት መሆኑን ጻፊ። የአበባውን ቀለም ጻፊ፣ ሲደርቅ ይጠፋል። «ማገጥ» የሚለውንም፣ ከተቻለ «የጨፌ ማገጥ» ብለሽ። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዛግብት ውሰጃት። እዚያ ከቆዩት ናሙናዎች ጎን ተቀምጣ ስትታይ ነው የኔ «አምናለሁ» «ነች» የሚሆነው። የእርሻ ዳሯንም ጨምሪ።

---

የጣርማበር ልጅ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 2፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቱም ደርቀዋል፣ የመጽሐፍ ቅዱሱና የመዝገበ ቃላቱ ሥር ናቸው። ሰኞ ይዣቸው እሄዳለሁ።

ክሩን በሙሉ ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። የአባ ድርቆሽ ጊደር ጋ ስደርስ ዝም አለ፣ ከዚያ «የኛም ቡሬ እንደዚያ ነው የሄደው» አለኝ። አላውቅም ነበር። ስለ ጉጦቹ ስነግረው መስኩ ሄዶ ራሱ ነቅሎ፣ በጥፍሩ ሰንጥቆ አይቶ መልሶ ደወለልኝ። «ሮዝ ነው» አለኝ።

ዘንድሮ አያርሰውም። የታችኛውን ጥግ፣ ውሃው የሚተኛበትን፣ ወንድሜ በእሾህ አጥሮታል። እስከ ኅዳር ከብት አይገባበትም። ቀፎዬ፣ አንድ ቀፎ ከጎረቤት ተውሰዋል፣ አጥሩ ጥግ ላይ አስቀምጠውታል።